መግባቷን ቆጠርን፤ መመረቋንስ?

በአገራችን የትምህርት ክርክር ውስጥ «ችግሩ ከታች ነው» የሚለውን ያህል አፍ የሚያዘጋ ንግግር የለም። በምሕንድስና ክፍል ሴቶች ለምን አነሱ? ችግሩ ከታች ነው። ከአፋር፣ ከሶማሌ፣ ከጋምቤላና ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የገጠር ትምህርት ቤቶች መጥተው ፊዚክስና ሒሳብ ከሚጀምሩት ልጆች ስንቱ ይጨርሳል? ችግሩ ከታች ነው። አንዱ ደፍሮ «ዩኒቨርሲቲው ለእነዚህ ልጆች የተለየ ፕሮግራም ያቋቁም፤ በጀትም ይያዝለት» ያለ እንደሆነ መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፦ አንደኛ ደረጃው ሳይስተካከል ዩኒቨርሲቲ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ብክነት ነው፤ ሲብስም ጥራት መግደል ነው።

ይህን ንግግር ከመምህራን ስብሰባ እስከ ቡና ቤት፣ ከቴሌቪዥን ውይይት እስከ ወላጆች ኮሚቴ ትሰሙታላችሁ። ተናጋሪዎቹም ብዙውን ጊዜ ለትምህርት የሚቆረቆሩ ሰዎች ናቸው። እኔ ግን ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ከሥራ ማምለጫ ነው እላለሁ። እውነት የሆነው ግማሽ ስለሚያምር ማምለጫውን ማንም አይመረምረውም፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ደግሞ በየዓመቱ ሻንጣቸውን ይዘው ከግቢ የሚወጡት ልጆች ናቸው።

እውነቱን አልክድም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለማስቀረት በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ፣ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ መሆናቸው ነው። በተፈጥሮ ሳይንስ ከተቀመጡት 339,642 ያለፉት 22,936 ናቸው። በተከታዩ ዓመት ደግሞ ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች 1,328ቱ አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። ፈተናውን ያጠበቀው ውሳኔ ትክክል ነበር፤ ለዓመታት የተሸፈነውን ገበና አውጥቶ አሳይቶናል። ከታች የተበላሸ ነገር እንዳለ ከዚህ በኋላ የሚከራከር ሰው ቢኖር ከቁጥር ጋር የተጣላ ነው።

ነገር ግን «መነሻው ከታች ነው» ከሚለው ተነስቶ «ስለዚህ ላይ የሚሠራ ሥራ የለም» ማለት ምን አመጣው? ዛሬ የ18 ዓመት ልጅ ሆና አንደኛ ዓመት ዶርም ውስጥ የተቀመጠችውን ተማሪ፣ መዋዕለ ሕፃናቱ እስኪታነጽ፣ መጻሕፍቱ እስኪታተሙ፣ መምህራኑ እስኪሠለጥኑ ጠብቂ ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው። ተሐድሶው ቢሰምር እንኳ ፍሬውን ዩኒቨርሲቲ በር ላይ የምናየው ዛሬ አንደኛ ክፍል የገባው ልጅ 12ኛን ሲጨርስ ነው። እስከዚያ የሚያልፈው ትውልድ በማን ሒሳብ ይወራረድ?

ክርክሩን ከሥሩ የሚንደው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው። «ከታች» የምንለውን ማን ያስተካክለዋል? የ9ኛና የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ የሚያስተምረው የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፈው ትምህርት ቤት ውስጥ ገብቶ፣ የአካባቢውን ቋንቋ እየተናገረ፣ ሙቀቱንና መንገዱን ችሎ፣ ሒሳብ ለማስተማር ከሁሉ የሚቀርበው እዚያው ተወልዶ ያደገ ምሩቅ ነው። ሴት ልጅ ምሕንድስና የእሷም ሥራ መሆኑን የምታምነው እህቷ ወይም የጎረቤቷ ልጅ ሠርታው ስታይ ነው። ከእነዚህ አካባቢዎች የሳይንስ ምሩቅ ካልወጣ ታችኛው ክፍል የሚሻሻልበት እጅ የለውም። ላዩን የምንረዳው ታቹ እንዲበጅም ነው፤ ተራ ጠብቆ ይሠራ የሚሉት ሰዎች ክቡን አላዩትም።

አሁን ወደ ግቢው እንግባ። አንዲት ልጅ ቤተ ሙከራ ከሌለው የገጠር ትምህርት ቤት በጥሩ ውጤት መጣች እንበል። በትምህርት ቤቷ አንደኛ ነበረች፤ ቀለሜዋ ይሏታል። አንደኛ ዓመት ላይ የኬሚስትሪ ላብ ገባች። ጠረጴዛው ላይ ቢዩሬት፣ ፈሳሽ በጠብታ የሚለካበት የመስታወት ቱቦ፣ ቆሟል። ቢዩሬትን ታውቀዋለች፤ ከመጽሐፍ ላይ ሥዕሉን አይታለች፣ በፈተና ላይ ስሙን ጽፋ ነጥብ አግኝታለች። መክፈቻውን በየትኛው እጅ እንደሚይዙት ግን ያሳያት የለም። አጠገቧ የቆመው የከተማ ልጅ ሁለቴ አዙሮ ጠብታውን ሲቆጥር፣ እሷ እንዳልሰብረው ብላ እጇን ታሰባስባለች። ሪፖርቱን የሚጽፈው እሱ ነው፤ እሷ ቁጥር ትመዘግባለች። ሴሚስተሩ እንዲሁ ያልቃል፤ ላብ ገብታለች ተብሎ ይፈረምላታል።

ማታ ደግሞ ካልኩለስ አለ። የከተማዎቹ ልጆች ከአንድ ትምህርት ቤት ሦስትና አራት ሆነው ስለመጡ ገና ሳይመዘገቡ ቡድን አላቸው። ያለፈው ዓመት ፈተና ከሲኒየሮች ደርሷቸዋል። የትኛው መምህር ከወርክሺት እንደሚያወጣ፣ የትኛው ከመጽሐፉ እንደሚያወጣ ያውቃሉ። እሷ ከትምህርት ቤቷ ብቻዋን ነው የመጣችው፤ የምትጠይቀው ሲኒየር የለም። ስለዚህ ከሁሉም በፊት ላይብረሪ ገብታ ከሁሉም በኋላ ትወጣለች፤ ብቻዋን። ሚድ ፈተና ላይ ስትወድቅ «አቅም የላትም» ይባላል። እኛም ደረታችንን ነፍተን ችግሩ ከታች ነው እንላለን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይኼ ነው፤ የአደረጃጀቱን ጉድለት መንካት ሲያስፈራን ልጅቷን መታን።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም፤ መፍትሔውም የተፈተነ ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ዩሪ ትሪስማን የተባለን ወጣት የሒሳብ ሰው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌ አንድ ነገር አስጨነቀው። በመጀመሪያው የካልኩለስ ኮርስ ጥቁር ተማሪዎች በብዛት ይወድቃሉ፤ የቻይና ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን በብዛት ያልፋሉ። መምህራኑን ምክንያቱን ቢጠይቃቸው አራት መልስ ሰጡት፦ ፍላጎት ማነስ፣ የዝግጅት ጉድለት፣ የቤተሰብ ድጋፍ ማጣት፣ ድህነት። ለእኛ ጆሮ አዲስ የሆነ መልስ አለበት? አራቱም በየስብሰባችን የምንደጋግማቸው ናቸው።

ትሪስማን መጠይቅ በትኖ አልተመለሰም። 20 ጥቁርና 20 የቻይና ዝርያ ያላቸው ተማሪዎችን መርጦ እየተከታተለ፣ ሲያጠኑ አብሮ እየተቀመጠ ለወራት ተመለከተ። አራቱም ምክንያት ውሃ የሚያነሳ ሆኖ አልተገኘም። የጥቁሮቹ ተማሪዎች ወላጆች ልጆቻቸው ገና ሳይወለዱ ስለ ትምህርታቸው ያልሙ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ልጆቹም የተባሉትን ሰዓት ሳያጎድሉ ያጠናሉ። የሚለያቸው አንድ ነገር ነበር፤ ብቻቸውን ማጥናታቸው። የቻይና ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች ለየብቻ ካጠኑ በኋላ ማታ ይሰበሰባሉ፤ አብረው ይበላሉ፣ መልሳቸውን ያመሳክራሉ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ያርማል፣ የድሮ ፈተና ይሠራሉ። አንዱ ያልገባው ነገር ለሌሎቹም ያልገባ ሲሆን ጥያቄው ከባድ መሆኑን ያውቃሉ። ብቻውን የሚያጠናው ግን ራሱን ይጠረጥራል።

ከዚህ ተነስቶ በ1978 (እ.ኤ.አ.) ያቋቋመው ፕሮግራም እኛ ከለመድነው የማካካሻ ትምህርት ተቃራኒ ነበር። ተማሪዎቹን ደካሞች ናችሁና እንደግፋችሁ ብሎ አልጠራቸውም፤ ጎበዞች ናችሁና ከበድ ያለ ሥራ ኑ ሥሩ አላቸው። በትንንሽ ቡድን ተቀምጠው ከመደበኛው ኮርስ የሚከብዱ ጥያቄዎች ተሰጧቸው። መልስ የሚነግራቸው ሰው የለም፤ እየተከራከሩ ይደርሱበታል። በፕሮግራሙ ያለፉት ጥቁር ተማሪዎች ውጤት ካላለፉት አቻዎቻቸው እጅግ ተሻለ። ኮርሱም ፈተናውም አልቀለለም።

ሁለተኛው ምሳሌ የሚገኘው ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት የሜሪላንድ ግዛት፣ በባልቲሞር ካውንቲ ነው። በ1988 (እ.ኤ.አ.) የሒሳብ ምሁሩ ፍሪማን ራቦውስኪና ባለጸጋው ሮበርት ማየርሆፍ በዚያ ባለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በማየርሆፍ ስም የሚጠራ ፕሮግራም ጀመሩ፤ በዓመቱ 19 ጥቁር ወንዶች ልጆች ተቀበሉ። በ1990 ለሴቶች፣ በ1996 ደግሞ ዘር ሳይለይ ለሁሉም ተከፈተ። የፕሮግራሙ አሠራር ምሥጢር የለውም። ከመደበኛው ትምህርት በፊት ክረምቱን አብረው ይከርማሉ፤ ሒሳብና ሳይንስ ይማራሉ፤ በአንድ መኖሪያ ያድራሉ። በቡድን ማጥናት ግዴታ ነው። አስጠኚ የሚፈለገው ለወደቀ ብቻ አይደለም፤ «ቢ» ያመጣም ወደ «ኤ» እንዲደርስ አስጠኚ ይዞ ይሠራል። ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ከእውነተኛ ተመራማሪ ጋር በቤተ ሙከራ ይመደባሉ። ገንዘቡም ሙሉ ስለሆነ ማታ ማታ ሥራ ፍለጋ አይሄዱም።

ውጤቱን ያጠኑ ሰዎች ጥሩ መመዘኛ አግኝተዋል። ፕሮግራሙ ተቀብሏቸው ሳለ ሌላ ዩኒቨርሲቲ መርጠው የሄዱ ልጆች አሉ፤ ጉብዝናቸው ከገቡት ጋር እኩል ነው። ከእነሱ ጋር ሲነጻጸሩ፣ በፕሮግራሙ ያለፉት በሳይንስና በምሕንድስና ወደ ፒኤችዲ የመግባት ዕድላቸው 5 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ለሞደርና የኮቪድ ክትባት መሠረት የሆነውን ምርምር በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ከመሩት አንዷ ኪዝሜኪያ ኮርቤት በ2008 (እ.ኤ.አ.) የተመረቀችው ከዚሁ ፕሮግራም ነው። የአንድ ሰው ተአምር ነው እንዳይባል ደግሞ ፔን ስቴትና የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ አሠራሩን ወስደው ተመሳሳይ ውጤት ማየታቸው በ2019 (እ.ኤ.አ.) «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ታትሟል።

ሦስተኛ ልጨምር። በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስ ትምህርት ቤት በ1995 (እ.ኤ.አ.) ከአዲስ ገቢዎች ሴቶቹ 7 በመቶ ነበሩ፤ በ2000 42 በመቶ ሆኑ። አምስት ዓመት ብቻ! በእነዚያ ዓመታት የአሜሪካ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አልተለወጠም። የተለወጠው ዩኒቨርሲቲው ነው፤ ከዚያ በፊት ኮምፒዩተር ነክቶ የመጣውንና ያልነካውን በተለያየ መነሻ ኮርስ አስገባ፣ ቅበላው ላይ ቀድሞ ፕሮግራም መጻፍን እንደ ችሎታ መቁጠሩን አቆመ። ችግሩ ከታች ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ውጤት ከየት መጣ?

የጥራት ጠበቆች እዚህ ላይ ተቃውሟቸውን ያነሳሉ፤ ልመልስላቸው። «ድጋፍ ስንሰጥ ያልበቃ ምሩቅ እናወጣለን» ይላሉ። ይህ ስጋት በአንድ ወቅት ትርጉም ነበረው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን የመውጫ ፈተና አለ። ማንም ተማሪ፣ ሴትም ሆነች ወንድ፣ ከየትም ትምህርት ቤት ይምጣ፣ 50 በመቶ ካላመጣ ዲግሪውን አይዝም። በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች ያለፉት 61,054 ናቸው፤ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 62 በመቶ ገደማ፣ ከግሎቹ 17 በመቶ ገደማ። ፈተናው ለማንም እንደማይራራ ይህ ይመሰክራል። እንግዲህ መውጫው ላይ ለሁሉም አንድ ሚዛን ከተቀመጠ፣ አንዲት ተማሪ በሳምንት ሁለት ማታ ከባድ ጥያቄ በቡድን እንድትሠራ መርዳት ጥራትን በየት በኩል ይገድላል? ድጋፉ ሚዛኑን አይነካም፤ ሚዛኑ ላይ የሚደርሱትን ያበዛል። ጥራትን ከልቡ የሚወድ ሰው ይህን ፕሮግራም ከማንም በፊት ሊጠይቅ ይገባው ነበር።

በዚህ ክርክር ከወዲያኛው ወገን ለተቀመጡትም ያዘንኩበት አለኝ። የሴቶችን መብት፣ የታዳጊ ክልሎችን መብት ይዘው የሚከራከሩ ወገኖች ለዓመታት ትግላቸውን በመቁረጫ ነጥብ ላይ አድርገውታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 3 ሴቶች ከቆየው የበታችነት ውርስ የተነሳ ተጨማሪ የድጋፍ እርምጃ ይገባቸዋል ይላል። ይህ ሰፊ ቃል በተግባር ሲተረጎም ነጥብ መቀነስ ሆኖ ቀረ። ነጥብ መቀነስ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሚኒስቴሩ በአንድ ደብዳቤ ይጨርሰዋል። ሪፖርት ላይም ያምራል፤ ይህን ያህል ሴት ተማሪ ገባ ተብሎ ይጻፋል። ልጅቷ ግን ከገባች በኋላ ያው ቢዩሬትና ያው ካልኩለስ ይጠብቋታል፤ ከዚያ ላይ «በአፈርማቲቭ የገባች» የምትል ስም ይለጠፍባታል። ከወንዶቹ በላይ ነጥብ ይዛ የገባችውም ከዚህ ስም አታመልጥም። ሳያግዟት በር መክፈት ለትችት ማጋለጥ ነው፤ ስትወድቅ ደግሞ ውድቀቷ ለተቃዋሚዎቹ ማስረጃ ይሆናል።

ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ አንድ ቦታ ላይ ቆመዋል። አንዱ በሩን አጥብቡ ይላል፣ ሌላው አስፉ ይላል። ከበሩ ወደ ውስጥ ምን እንደሚደረግ የሚጠይቅ የለም።

«ቲቶሪያል አለ እኮ» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ አለ። የሥርዓተ ፆታ ቢሮው በዓመት የሚመደብለትን ጥቂት ብር ይዞ፣ የፈተና ሳምንት ሲቃረብ «ለሴት ተማሪዎች» የሚል ማስታወቂያ ይለጥፋል። ቅዳሜ ጠዋት አንድ አዳራሽ ይከፈታል፤ አንድ መምህር የሴሚስተሩን ሃንድአውት በሁለት ሰዓት ይሮጥበታል። እዚያ መታየት ደካማ ነኝ ብሎ መመስከር ስለሆነ ጎበዟ አትመጣም፤ የባሰባት ደግሞ ከዚያ ቀደም ተስፋ ቆርጣለች። ስም ይመዘገባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሪፖርት ይላካል። ይህ ትሪስማን ከሠራው ጋር በስም እንኳ አይገናኝም። የሪሚዲያል ፕሮግራሙም ቢሆን የራሱ ጥቅም አለው፤ 50 በመቶ ያላመጣን ልጅ ለሌላ ዕድል ያዘጋጃል። ሥራው ግን የ12ኛ ክፍልን ትምህርት መከለስ ነው፤ ካልኩለስ ላይ ብቻዋን የተቀመጠችውን ልጅ አያገኛትም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። «ድሃ አገር ነን» ይባላል። ድሃ ስለሆንን ነው ይህን የምለው። መንግሥት ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመድበውን በ2017 ዓ.ም. ከ22 ብር ወደ 100 ብር አሳድጓል። በ10 ወር 30,000 ብር መሆኑ ነው፤ ይህ ምግቡ ብቻ ነው። መኝታው፣ የመምህሩ ደመወዝ፣ የላቡ ኬሚካል፣ ውሃና መብራቱ ገና አልተቆጠረም። አንዲት ተማሪ አንደኛ ዓመት ጨርሳ ብትባረር ይህ ሁሉ ወጪ ያለ ምሩቅ ቀረ ማለት ነው። አሁን አስሉት፦ አሥር ተማሪዎችን በሳምንት ሁለት ማታ የሚይዝ አንድ ጎበዝ ሲኒየር በወር 1,500 ብር ቢከፈለው በ10 ወር 15,000 ብር ይሆናል። ከአሥሩ አንዷን ብቻ ከመባረር ቢያተርፍ፣ የምግቧ ወጪ ብቻ የሁለት ሲኒየሮችን ክፍያ ይሸፍናል። ብክነት የሚባለው የትኛው ነው? አስገብቶ፣ አብልቶ፣ አሳድሮ፣ ባዶ እጅ መሸኘቱ ነው።

ሌላው ጠንካራ ተቃውሞ የፍትሕ ጥያቄ ነው። «ለምን ለእሷ? ከአዲስ አበባ ጫፍ የመጣው የቀን ሠራተኛ ልጅስ?» ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ በአገራችን ደግሞ ድጋፍ በብሔርና በክልል ሲሰፈር የሚያመጣውን መቃቃር ሁላችንም እናውቃለን። መልሱ መስፈርቱን ማስተካከል ነው። መስፈርቱ የመጣችበት ትምህርት ቤት ይሁን። ላብ አለው? የፊዚክስ መምህር ነበረው? ባለፉት ዓመታት ስንት ተማሪ አሳለፈ? ቢያንስ የመጨረሻውን የትምህርት ሚኒስቴር የፈተና መዝገብ ያውቀዋል። ከአንድ ትምህርት ቤት ብቻዋን ያለፈች ልጅ፣ አፋርም ትሁን ሰሜን ሸዋ፣ ቦረናም ትሁን የአዲስ አበባ ዳር፣ በፕሮግራሙ ትግባ። ሴቶች ከእነዚህ ውስጥ ቅድሚያ ያግኙ፤ ሕገ መንግሥቱ ይፈቅዳል። የቀን ሠራተኛው ልጅም ይገባል። የማየርሆፍ ፕሮግራም በሩን ለሁሉም ከፍቶ ዓላማውን እንዳልሳተ አይተናል።

በነገራችን ላይ በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ጉዳይ ከሩቅ ሆነው ባያዩት ይበጃል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2023 (እ.ኤ.አ.) በዘር ላይ የተመሠረተ ቅበላን ከልክሏል። ከውሳኔው በኋላ ኤምአይቲ በተቀበለው የመጀመሪያ ክፍል የጥቁር ተማሪዎች ድርሻ ከ13 በመቶ ገደማ ወደ 5 በመቶ ወረደ። በ2025 ደግሞ የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን በመቶዎች የሚቆጠሩ የምርምርና የትምህርት ድጋፎችን ሰረዘ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ በሳይንስ ዝቅተኛ ውክልና ያላቸውን ተማሪዎች ለማብዛት የተሠሩ ነበሩ። «የእኛ ልጆች በጥረታቸው ነው የገቡት፤ ይህ እኛን አይመለከትም» የሚል ወላጅ በየቤቱ አለ። ኤምአይቲ በቆጠረው 5 በመቶ ውስጥ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ያደገው የእኛ ልጅም ይቆጠራል። ጥረቱን ማንም አይነጥቀውም፤ ጥረቱን ወደ ዲግሪ የሚያደርሰው ላብና አማካሪ ግን በጀት ሲሰረዝ አብሮ ይሰረዛል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አዲስ ሕንፃ አልጠይቅም። አንደኛ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ላብ ካልነበራቸው ትምህርት ቤቶች የመጡትን የሳይንስ ተማሪዎች ቀድመው ይጥሩ፤ ለስድስት ሳምንት ቢዩሬቱን ይያዙት፣ ሰርኪዩት ይሥሩ፣ ሒሳብ ይሥሩ፣ ከሁሉም በላይ እርስ በርስ ይተዋወቁ። ግቢው ያን ጊዜ ባዶ ነው፤ ላቡ ተቆልፎ ነው የሚከርመው። ሁለተኛ፣ በአንደኛ ዓመት ካልኩለስ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ በሳምንት ሁለት ማታ የቡድን ሥራ ይኑር፤ የሚመራው የሠለጠነና የሚከፈለው ሲኒየር ይሁን፤ ጥያቄው ከክፍሉ የከበደ እንጂ የቀለለ አይሁን። ማስታወቂያውም «ለደካሞች» አይበል። ሦስተኛ፣ ለሳሙና፣ ለንጽሕና መጠበቂያ፣ ለፎቶ ኮፒና ለትራንስፖርት የሚሆን ትንሽ ገንዘብ በየወሩ ይድረሳት፤ ለማኝ ሳትሆን፣ በስሟ ተቆርጦ። አራተኛ፣ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ከአንድ ተመራማሪ ጋር ትመደብ፤ ሥራውን ስታየው ነው ሥራው የእሷ የሚሆነው።

አምስተኛውና ዋናው፣ የአከፋፈሉ ሕግ ነው። ለዩኒቨርሲቲው ገንዘቡ ባስገባው ልክ አይከፈለው፤ ባስመረቀው ልክ ይከፈለው። ከፊሉ ፕሮግራሙ ሲጀመር፣ ቀሪው ተማሪዋ የመውጫ ፈተናውን ስታልፍ ይለቀቅ። ያን ጊዜ የፕሮግራሙ ኃላፊ የቲቶሪያል ፎቶ በመላክ አያመልጥም። የመምህራን ጉባኤም «ስንቷ ወደቀች» ብሎ ከመቁጠር «ለምን ወደቀች» ወደሚለው ይዞራል። ያለዚህ ሕግ ከላይ የዘረዘርኩት ሁሉ ሌላ የሪፖርት ምዕራፍ ሆኖ እንደሚቀር አልጠራጠርም።

ይህ ሁሉ ቢሆንም ከታች ያለው ሥራ አይቅር። ትምህርት ቤት ይሠራ፣ መምህር ይሠልጥን፣ መጽሐፍ ይታተም። ሁለቱን እያፎካከሩ አንዱን በሌላው ማሳበብ ግን ይብቃ። «ችግሩ ከታች ነው» የሚሉን ሰዎች ከታች ያለውን ለማስተካከል ምን ሠሩ ተብለው ሲጠየቁ፣ ወደ ላይ ሲያመለክቱም ሰምተናል።

ለትምህርት ሚኒስቴርና ለዩኒቨርሲቲ ቦርዶች የማቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ ብር የሚያስወጣ አይደለም። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በሳይንስና በምሕንድስና ስንት ተማሪ እንዳስገባና ከእነሱ ስንቱ እንደተመረቀ፣ በፆታና በመጡበት ትምህርት ቤት ለይቶ በየዓመቱ ለሕዝብ ያውጣ። የመግቢያውን ቁጥር በየመግለጫው ስንሰማ ኖረናል፤ የመውጫውንም ከጎኑ አስቀምጡልን። ወላጆች፣ ጋዜጠኞች፣ የምክር ቤት አባላት፣ እናንተም ይህን ቁጥር ጠይቁ። ቁጥሩ ከወጣ በኋላ ችግሩ ከታች ይሁን ከላይ የሚለው ክርክር ራሱን በራሱ ይፈታል።